ሮበርት ዋያት፦ ከየትኛው አልበም ልጀምር?

ኪቦርዲስቱ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

እኔ ደሴ ነኝ፤ ሥራዬ የሠርግ ኪቦርድ ነው። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ግማሹ ሥራ ይቀራል፤ እጄን አጣጥፌ ነው የምከርመው። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከውጭ መጥቶ ሲመለስ አንድ ፍላሽ ትቶልኝ ሄደ። «ሥራ ስትፈታ ስማው» ብሎ። ውስጡ አንድ ፎልደር አለ፤ ሮበርት ዋያት ይላል። አልበሞቹ ተደበላልቀዋል። የዘፈኖቹ ስም ራሱ ትራክ 1፣ ትራክ 2 ነው።

ከኮምቦልቻ ሠርግ ስንመለስ ሌሊት ሰባት ሰዓት ግድም ሚኒባስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩት። ሐረጎ ዳገት ላይ ያ የምታውቁት ጭጋግ ነበር። ሹፌሩ መስኮት ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው። መጀመሪያ ኪቦርድ መጣ፣ ብቻውን። ቀጥሎ ቀጭን የወንድ ድምፅ። ሲዘፍን ሲዘፍን ቆየና ወደ መጨረሻው ቃሉን ተወው። ድምፁ ብቻ ቀረ፤ እንደ ጥሩንባ ወጣ ወረደ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ወደ ኋላ መለስኩት። አልተበላሸም። ደሴ እስክንገባ አራት ጊዜ ሰማሁት።

ኔት ላይ ሳይ አንዱ ሳይኬዴሊክ ይለዋል፣ አንዱ ፕሮግረሲቭ ሮክ ይለዋል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ድራመር» ይላል። እኔ የሰማሁት ላይ ድራም አለ ለማለት ይከብዳል። ሰውዬው አንድ ነው ሁለት? ከየቱ ልጀምር? አሁንስ ይሠራል?

ሐረጎ ጭጋግ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሹፌር ቀይሩ።

ሰውዬው አንድ ነው። ሶፍት ማሽን የሚባል ባንድ ውስጥ ድራመር ነበር። ፒንክ ፍሎይድ ከሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጋር የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ በፈረንጅ 1967 ለንደን ዩፎ በሚባል የሳይኬዴሊክ ክለብ ሁለቱም ይጫወቱ ነበር። ሳይኬዴሊክ የሚሉት ለዚህ ነው። አንተ «ሮክ ቦተም» ከሚለው አልበም ጀምር፤ 1974 የወጣ ነው። ከፎቅ ወድቆ ሽባ ከሆነ በኋላ ነው የሠራው። ያ ሁሉ ሐዘን ከዚያ የመጣ ነው።

የድሮ ድራመር

ኪቦርዲስቱ፣ አብሽር፤ ሰውዬው አንድ ነው። ሐረጎ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል። ግማሹ ላይ ግን ልከራከርህ ነው። ጽሑፌ ይረዝማል። ጡረተኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ።

መጀመሪያ እንዴት እንዳወቅኩት ላጫውታችሁ። በ77 ድርቅ ኮምቦልቻ ነበርኩ። ማታ ማታ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ድራም እመታለሁ፤ ቀን መጋዘን ውስጥ የእርዳታ እህል ጆንያ እቆጥራለሁ። ያኔ ከተማው ፈረንጅ በፈረንጅ ሆኖ ነበር። አንዱ ሾፌር፣ ጢማም፣ መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ የሚያዞራት አንድ ካሴት ነበረችው። እኔ ጆንያ መቁጠሬን ትቼ መኪናው አጠገብ ስቆም ያየኛል። ሲሄድ ሰጠኝ። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ፊደል ብቻ ተጽፎባታል፤ አር እና ደብሊው። ሃያ ምናምን ዓመት ስሰማት የዘፋኙን ስም አላውቀውም ነበር። ቤት ውስጥ «የአባባ አርደብሊው» ነው የሚሏት። ስሙን ያገኘሁት በሚሊኒየሙ ሰሞን ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ነው። እንግሊዝኛውን እንደ ሰማሁት ለልጁ ነገርኩት። እሱ እየሳቀ ጻፈው። ወጣ።

ካሴቷ ዛሬ የለችም። በ2014 ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ ልጆቹንና አንድ ሻንጣ ነው የያዝነው። ስንመለስ ቴፑም ካሴቶቹም አልነበሩም። ይሄን ልተወው።

ወደ ሰውዬው ልምጣ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ተወልዶ በ1945 ብሪስቶል ነው። ወላጆቹ ቤት ተከራይቶ ከነበረ አንድ አሜሪካዊ የጃዝ ድራመር ነው ዱላ አያያዝ የተማረው። ሶፍት ማሽን ውስጥ ይመታልም፣ ይዘፍናልም። እየመቱ መዝፈን ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቃል፤ ትንፋሽህ ለሁለት ጌታ ነው የሚገብረው። በ1968 ከጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ጋር አሜሪካን ዞሩ። በ1970 ደግሞ ለንደን ሮያል አልበርት ሆል፣ የክላሲካል ሰዎች መድረክ ላይ ተጋበዙ። እዚያ ሲጋራ ሊያጨስ ወጥቶ ሲመለስ ዘበኛው አላስገባም ብሎታል። «እኔ እኮ ነኝ የምጫወተው» ቢለው፣ «እዚህ ቤት ደህና ሙዚቃ ብቻ ነው» አለው አሉ። የሆቴል ጓሮ በር ላይ ያልደረሰበት ሙዚቀኛ አለ?

ከዚያ ባንዱ እየቆየ ዘፈን ጠላ፤ መሣሪያ ብቻ፣ ጃዝ ብቻ አለ። እሱ ደግሞ መዝፈን ይፈልጋል። በ1971 ተለያዩ። ያቋቋመውን አዲስ ባንድ ምን ብሎ ሰየመው? ማችንግ ሞል። በእንግሊዝኛ ስትሰማው «የሚመሳሰል ፍልፈል» እንደ ማለት ነው፤ ትርጉም የለውም። በፈረንሳይኛ ጆሮ ስትሰማው ግን «ሶፍት ማሽን» ማለት ነው። ሰምና ወርቅ! ፍልፈሉ ሰሙ፣ የተጣሉት ባንድ ወርቁ። ወሎዬ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ አይለውም።

አሁን ሐረጎ፣ ክርክራችን እዚህ ጋ ነው።

በ1973 ሰኔ መግቢያ ላይ ለንደን ውስጥ አንድ የልደት ግብዣ ላይ ጠጥቶ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ወደቀ። 28 ዓመቱ ነበር። ከወገቡ በታች ከዚያ በኋላ አልታዘዘውም። እስከዚህ ልክ ነህ። ዘፈኖቹን ግን መሥራት የጀመረው ከመውደቁ በፊት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የፈረንጅ ብርድ ወራት ቬኒስ ነበር። ሚስቱ፣ ያኔ ገና ጓደኛው ናት፣ አንድ ፊልም ላይ ትሠራለች። እሱ ሥራ ፈቶ እንዳይቀመጥ ትንሽ ርካሽ ኪቦርድ ገዝታ ሰጠችው። የምትንቀጠቀጥ ድምፅ ያላት ናት፤ ኪቦርዲስቱ፣ ያቺ አንተ ሐረጎ ዳገት ላይ የሰማሃት። በእሷ ላይ ነው ጀምሮ የነበረው። ለንደን ላይ ባንዱን እንደገና ሊያቆምበት አስቦ ነው የወደቀው። ሆስፒታል ወራት በጀርባው ተኝቶ፣ በኋላ ዊልቸር ላይ ሲያስቀምጡት የጠያቂዎች ክፍል ውስጥ ያረጀ ፒያኖ አገኘ። እዚያ ጨረሰው።

ስለዚህ «ወደቀና እንዲህ ዘፈነ» የሚለውን ወሬ አልወደውም። መውደቁ ዘፈን አልሰጠውም። ባንድ ነሳው፤ ጊዜ ሰጠው። ሐዘኑም ቢሆን ያለ እንጂ የመጣ አይደለም። ድሮ ሲመታ ራሱ ድምፁ እንዲያው ነው። 1970 ላይ በሶፍት ማሽን ሦስተኛ አልበም የሸክላውን አንድ ሙሉ ገጽ የሚይዝ ዘፈን አለው፤ እሱን ስማና ፍረድ።

የድራሙን ነገር ደግሞ ድራመር ያልሆነ ሰው ቶሎ አያየውም። ሰው ድራመር የሚመስለው በእጁ ነው። እጅ ወሬ ነው፤ እግር ነው ሥራው። ቀኝ እግርህ ኪኩን፣ ትልቁን ከበሮ፣ ይረግጣል፤ ግራህ ሃይሃቱን፣ ጥንዶቹን ሲምባሎች፣ ይከፍታል ይዘጋል። አራት ሰው ሆነህ ትቀመጣለህ፤ እሱ ላይ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ሞቱበት።

እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ክረምት የወንድሜ ልጅ ባንድ ሙጋድ ሰፈር የሚለማመድበት ቤት ሄድኩ። ድራሙ ላይ ተቀመጥኩና ሁለት እግሬን ወንበሩ ሥር አቆላልፌ በነጠላ አሰርኩት። ከዚያ ችክችካ ልመታ! ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እጄ አልተሳሳተም። ስኔሩ በቦታው ነው፣ ሲምባሉ በቦታው ነው። ግን መሬት የለውም። ስንት ዓመት የመታሁት ምት አየር ላይ ተንሳፍፎ ቀረ። እስክስታ የሚወርድ ሰው ቢኖር እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። እግሬ ደግሞ ከነጠላው ውስጥ ይታገላል፤ ጣቶቼ ጫማዬ ውስጥ ይረግጣሉ።

አንድ አሥር ደቂቃ እንዲህ ቆየን። ልጆቹም ሳቁን ተዉት። ከዚያ የሰማሁት ነገር ገረመኝ። ባሲስቱ ሳይታወቀው መስመሩን ለወጠ። ኪኩ ሊመታባት የሚገባት ቦታ ላይ እሱ ረገጠ። ማንም አልነገረውም። ቀዳዳው ራሱ ጎተተው።

ቤት ገብቼ ካሴቷን ከፈትኩ። ሃያ ዓመት ስሰማት ያላየሁትን ያን ቀን አየሁት። «ሮክ ቦተም» ላይ ባሱን ስማው። የሚራመደው እሱ ነው። አንዳንድ ቦታ ድራም ሲኖርም እንኳ ባሱ ነው እግሩ። ኪቦርዱ ላይ ደግሞ ግራ እጁን። ሰውዬው እግሩን ለሌላ ሰው ጣት አከፋፍሎ ነው የዘፈነው።

አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገለት የፒንክ ፍሎይዱ ድራመር ኒክ ሜሰን ነው። በ1974 ጁላይ 26 ወጣ። በዚያው ቀን ተጋቡ፤ ከዚያችው ኪቦርድ ከገዛችለት። በዚያው ዓመት አንድ የሌላ ሰው ዘፈን ዘፍኖ የተወዳጅ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ውስጥ ገባለትና ቴሌቪዥን ጠሩት። አዘጋጁ «ዊልቸሩ ለቤተሰብ ፕሮግራም አይሆንም» አለ። ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጥ ነው ነገሩ። እምቢ አለ። ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ በዊልቸሩ ገብቶ ዘፈነ።

እጄ ደከመ። ቀሪውን ነገ።

ኪቦርዲስቱ (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ባሱን ብቻ ስሰማ ነው ያደርኩት። እንዳሉት ነው። ባሱን ካጠፋሁት ዘፈኑ ይተኛል።

አንድ ጥያቄ። ያቺን የመጀመሪያዋን ትዝታ አድርጌ ልጫወታት ሞከርኩ። አልገባ አለኝ። ባቲም ሞከርኩ፣ አንቺሆዬም ሞከርኩ። ሁለት ቤት ይሄድልኝና ሦስተኛው ላይ ኮርዱ ሌላ አገር ይሄዳል።

የድሮ ድራመር

ልጄ፣ አትግፋው! አራቱ ቅኝት ውስጥ እንዲገባልህ አትጠብቅ፤ አምስት ድምፅ አይበቃውም። የጃዝ ጆሮ ነው ያለው፤ ኮርዱ እንደ ሐረጎ መንገድ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሲመስልህ ይጠመዘዛል። ዜማውን ብቻ በድምፅህ ያዘው። ኪቦርድህ ላይ ስታይሉን፣ ያንን በራሱ የሚመታውን ምት፣ አጥፋ። ኦርጋን ምረጥ፤ የሚንቀጠቀጠውን፣ ርካሹን። ያቺ አንተ የምታፍርባት ድምፅ አለች አይደል? እሷን።

ቀሪውን ልጨርስልህ፤ እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ስለመውደቁ ሁሉም ያወራል። ከዚያ ወዲህ ያሉት አርባ ዓመታት ግን ወሬ የላቸውም። 1975 ላይ አንድ አልበም አወጣ። ቀጣዩ ሙሉ አዲስ አልበም 1985። ከዚያ 1991። ከዚያ 1997። ከዚያ 2003። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። እንደ ገጠር አውቶብስ ነው፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው። መድረክም ተወ። በ1974 መስከረም ለንደን ድሩሪ ሌን አንድ ትልቅ ኮንሰርት ሠራ፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ስም መድረክ አልወጣም ማለት ይቻላል። ይፈራል ሰውዬው። ይሄን ያህል እየፈራ ግን ሲጠሩት ለሰው ይዘፍናል። በ2004 ለአይስላንዷ ዘፋኝ ለቢዮርክ አልበም ድምፁን ሰጥቷል። በ2006 የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር መድረክ ላይ እንግዳ ሆኖ ኮርኔት፣ ትንሿን ጥሩንባ፣ ነፍቷል። ያው አልበርት ሆል ነው። ዘበኛው ያኔ ጡረታ ወጥቶ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በመሃል፣ ሰማንያዎቹ መግቢያ ላይ፣ አልበም ሳይሆን ነጠላ ዘፈን ነበር የሚያወጣው። አብዛኛው የሌላ ሰው ነው። ከቺሊ፣ ከኩባ፣ ከአሜሪካ። የእኔ ካሴት ሁለተኛ ገጽ እነዚህ ናቸው። ኮሚኒስት ፓርቲ ገብቶ ነበር፤ በደንብ ያመነ ኮሚኒስት። በ1985 ከናሚቢያ ነፃ አውጪ ድርጅት ከስዋፖ ዘማሪዎች ጋር ሁሉ ሠርቷል። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። እሱ ለንደን ላይ ወዶ ጓድ ሲሆን እኛ ኮምቦልቻ ላይ በግድ ጓድ ነበርን! የኛ ኪነት አንድ ግጥም ለማጽደቅ ሦስት ሰው ያስፈርማል። እሱ ሳሎኑ ቁጭ ብሎ የኩባን ዘፈን እንደ እንጉርጉሮ ይዘፍነዋል። መፈክር እንኳ በእሱ አፍ ሲሆን እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ያባብላል።

ቅደም ተከተል ከጠየቅከኝ፦ «ሮክ ቦተም»ን ሰምተሃል፤ እሱን አትልቀቀው። ቀጥሎ ወደ 1997ቱ «ሽሊፕ» ዝለል። ሞቅ ያለ ነው፤ ብራያን ኢኖም ፖል ዌለርም አሉበት፣ ለሰው ጆሮ የቀረበ ነው። የ1985ቱ «ኦልድ ሮተንሃት» ደረቅ ነው፤ ሁሉንም መሣሪያ ብቻውን ነው የተጫወተው። እኔ እወደዋለሁ፣ አንተ ላትወደው ትችላለህ። የ1970ውን፣ «ዘ ኤንድ ኦቭ አን ኢር» የሚለውን፣ መጨረሻ ላይ ስማ። ከጎረቤት ያጣላል።

ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ በጣም ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። ግን ልወቅሰዎት ነው። ሁለት ጊዜ ጠቀሷት፤ ሁለቴም «ያቺ ኪቦርድ የገዛችለት» ነው ያሉት። ስም አላት እኮ። አልፍሬዳ ቤንጅ ትባላለች፤ አልፊ ይሏታል።

እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ዘፈን ስሰማ ከዜማው በፊት ቃሉን ነው የምይዘው። የአልበሞቹን ሽፋን ሥዕል የምትሥለው እሷ ናት። የ1991ዱ «ዶንደስታን» ላይ ግማሹ ግጥም የእሷ ነው። ርዕሱን ራሱ እዩት። የአገር ስም ይመስላል፣ እንደ ፓኪስታን። በስፓኒሽ ግን «የት ናቸው?» ማለት ነው። ጋሼ ሰምና ወርቅ ካሉ አይቀር ይሄም ይቆጠርልኝ።

ኪቦርዲስቱ፣ «ሮክ ቦተም» ሁለተኛ ገጽ ላይ ስሟን ሲደጋግም ትሰማለህ። እንደ ትንፋሽ፣ እንደ ምት፤ ዘፈኑ ሥር ሥሩን ይሄዳል። ላዩ ላይ እንደ ሕፃን እየተንተባተበ ይዘፍንላታል፤ ጓዳዬ ይላታል። በቀጣዩ ዘፈን መጨረሻ ላይ የእሷ የራሷ ድምፅ ይመጣል። አትዘፍንም፤ ታወራለች። እኔ ጓዳህ አይደለሁም ትለዋለች፤ ታሾፍበታለች። ያን ሁሉ ልቅሶ የሚመስል ነገር በአንድ ሹፈት ትሰብረዋለች። ይሄን ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ሴቶቹ ያጨበጭቡ ነበር። በዚያ ሰዓት እሱ ዊልቸር ላይ ነው፣ እሷ ናት የምታነሳው የምታስቀምጠው። ጓዳ ሆና ነው «ጓዳህ አይደለሁም» ያለችው።

አንድ ዘፈን ደግሞ ሳትጠቅሱ አለፋችሁ። እንግሊዝና አርጀንቲና በተዋጉበት በፎክላንድ ጦርነት ጊዜ የተሠራው፤ «ሺፕቢልዲንግ» ይባላል። ግጥሙ የኤልቪስ ኮስቴሎ ነው፣ ዜማው የክላይቭ ላንገር፤ በ1982 ወጣ። የመርከብ ፋብሪካ ያለው ከተማ ነው ታሪኩ። ጦርነት መጣ፤ ስለዚህ ሥራ መጣ። አባት ደመወዝ ያገኛል፣ ሚስት ኮት ይገዛላታል፣ ለልጅ ሳይክል። ልጁ ደግሞ በዚያው በሚሠሩት መርከብ ይሄዳል። አይጮህም፣ አይወቅስም። እንደ ቤት ውስጥ ሒሳብ ነው የሚያወራው። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ጠዋት የፈረቃ ሰርቪስ ሲያልፍ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ይሄን ዘፈን ከእኛው 2014 ጦርነት ወዲህ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ኮቱ ጋ ስደርስ አጠፋዋለሁ።

ሐረጎ ጭጋግ

እሺ፣ ተሸንፌአለሁ። «ያ ሁሉ ሐዘን ከዚያ የመጣ ነው» ያልኩትን አንስቻለሁ። ጓዳውን ግን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ አራተኛው ዘፈን መሃል ላይ እተኛ ነበር።

አሁን ይሠራል ወይ ላልከው፦ አይሠራም። በ2014፣ በፈረንጅ ነው፣ ሙዚቃ መሥራት አቁሜአለሁ አለ። ወደ 69 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻው የራሱ አልበም የ2007ቱ «ኮሚክኦፔራ» ነው። ከዚያ በ2010 ከሌሎች ሁለት ሙዚቀኞች ጋር አንድ ሠርቷል። በቃ።

የድሮ ድራመር

እህቴ፣ ተግሣጽሽን ተቀብያለሁ። ባለቤቴም ከጀርባዬ ቆማ አንብባው «ደግ አደረገች» ብላለች።

ያንን የመርከብ ዘፈን ሳልጠቅሰው የቀረሁት ረስቼው አይደለም። ካሴቷ ላይ ነበረ። ያኔ እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ የፍቅር ዘፈን ይመስለኝ ነበር። ለባለቤቴ በመጫጨታችን ሰሞን ያሰማኋት እሱን ነው። ትርጉሙን ስናውቅ ሦስት ልጅ ወልደን ነበር።

ሐረጎ፣ ያቆመበትን ነገር ደህና ጠቀስከው። እኔ ይሄን በጣም ነው የማከብርለት። ኪነት ቤት ሳለን አንድ ትልቅ ክራር ደርዳሪ ነበሩ። ጣታቸው እምቢ ሲል ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። «አንድ ብቻ» ስንላቸው «የተሰቀለ ሥጋ ነው እንዴ እየቆረጥኩ የምሰጣችሁ?» ነው ያሉን።

ኪቦርዲስቱ፣ የት ጠፋህ?

ኪቦርዲስቱ (ደሴ)

አለሁ ጋሼ። ሁለት ቀን መብራት አልነበረም። እህቴ፣ ጓዳውን ሰምቼዋለሁ፤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ቅዳሜ ዕለት ሰኞ ገበያ ሰፈር አካባቢ ሠርግ ነበረን። ሙሽራዋ ዘገየች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ልጆች ለስላሳ ጠርሙስ ያጋጫሉ። ጋሼ እንዳሉኝ ስታይሉን አጠፋሁት። ያቺን የማፍርባትን ኦርጋን መረጥኩ፤ ቁጥሯ 17 ናት፣ ቫይብሬቶዋ እስከ መጨረሻ። ግራ እጄን ዝቅ አድርጌ ባሱን ያዝኩ፤ በቀኜ የዚያችን ዘፈን መግቢያ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ምናልባት አንድ ደቂቃ ሄድኩ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ጀመር። ልቤ ሞቀ። ልዘፍንም ማይክ ልስብ ስል አለቃችን ከድንኳኑ በር ሮጦ መጣ።

«ምን ሆነሃል? መብራት ጠፋ እንዴ?»

የድሮ ድራመር

ሃሃሃ! ወላሂ ገደልከኝ። ድራመራችሁስ? ዝም ብሎ አየህ?

ኪቦርዲስቱ (ደሴ)

ድራመር የለንም ጋሼ። ስታይሉ ነው ድራመራችን።